«አሜንድ» እና «ማሻሻል»

ጠያቂያችን የቤት ኪራይ ውላቸው «አሜንድ ተደርጓል» የሚል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ደርሷቸው፣ የቀድሞው ውል ፈርሶ እንደ አዲስ መፈረም ይኖርባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። ሰነድ በመተርጎም ብዙ ዓመት ስለሠራሁና በዚሁ ቃል ስለተሳሳትኩም ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ውልዎ አልፈረሰም። አሜንድ ማለት ጽሑፉ እንዳለ ሆኖ ከውስጡ የተወሰነውን ማረም፣ መጨመር ወይም መቀነስ ነው። ምንጩም «ጉድለትን ማስወገድ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግስ ነው። ቼንጅ ግን ማናቸውም ለውጥ ነው፤ ሸሚዝ ቢቀይሩም ቼንጅ ይባላል፣ አሜንድ ግን አይባልም።

አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የሚታተምበትን ነጋሪት ጋዜጣ ያነበበ ሰው «የአዋጁ አንቀጽ ተሰርዞ በሚከተለው አዲስ አንቀጽ ተተክቷል» የሚለውን አነጋገር ያውቀዋል። የተሰረዘው አንቀጹ ነው፤ አዋጁ የቀድሞ ቁጥሩን እንደያዘ ይጸናል። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1919 የጸደቀው 18ኛው ማሻሻያ የአስካሪ መጠጥ ምርትንና ሽያጭን ከልክሎ፣ በ1933 21ኛው ማሻሻያ ቢሽረውም፣ የተሻረው ማሻሻያ ቃሉ ከሰነዱ ሳይፋቅ ዛሬም ይታተማል።

እኛን የሚያስቸግረን «ማሻሻል» የሚለው ቃላችን ሰፊ መሆኑ ይመስለኛል። የ1923 ዓ.ም.ን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሙሉ በሙሉ የተካው የ1948 ዓ.ም.ቱ በአማርኛ «የተሻሻለው» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ግን «ሪቫይዝድ» ነው፣ ማለትም እንደገና ከላይ እስከ ታች ታይቶ የተጻፈ። ለሁለቱም አንድ ቃል ስለምንጠቀም ልዩነቱ ይሰወርብናል። ከዚህም ሌላ ማሻሻል በልማዳችን የተሻለ ማድረግ ስለሆነ፣ አሜንድ የተደረገ ውል ሁሉ ለተከራይ የተሻለ ነው ብለው እንዳያስቡ አደራ እላለሁ፤ ኪራይ የሚጨምርም አሜንድመንት ነው።

የእኔ ስሕተት ከዚሁ የመጣ ነበር። አንድ ሰው እህቱን «ሜክ አሜንድስ» ለማድረግ እንደሚፈልግ የጻፈውን ደብዳቤ «ማሻሻያ ሊያደርግላት ይፈልጋል» ብዬ ተረጎምኩት። እህትየው ቤቷን ሊያድስላት የፈለገ መስሏት ኖሮ፣ ሰውየው ለዓመታት ሲያምጠው የኖረው ይቅርታ ሳይደርሳት ቀረ። በስልክ ደውዬ «በደሉን ሊክስሽ ነው» ስላት ብዙ ዝም ብላ ቆየች። ቃሉ በብዙ ቁጥር ሆኖ ከ«ሜክ» ጋር ሲመጣ ትርጉሙ መካስ ነው፤ ከጽሑፍ እርማት ጋር አይገናኝም።

ወደ ደብዳቤዎ ስመለስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው አካባቢ «ሌሎቹ የውሉ ድንጋጌዎች እንደጸኑ ይቆያሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖራል። እሱን ፈልገው ካገኙት በኋላ የተነኩትን አንቀጾች ከቀድሞው ውል ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ፤ እንዲፈርሙ ቢጠየቁም በእነዚያ ላይ ብቻ ነው።