«ሰው ሲል ሰምቼ ነው» አያድናችሁም

ልጆች፣ እኔ ሐዋሳ ውስጥ በጥብቅና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስም በማጥፋት ተከሰው ቢሮዬ የሚመጡ ወጣቶች አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም። ሁሉም የሚሉት ግን ያው ነው፦ «እኔ እኮ ፎርዋርድ ነው ያደረግኩት።»

አቶቴ አካባቢ ፀጉር ቤት የነበራት አንዲት ልጅ የእቁብ ጸሐፊ ነበረች። አንድ ሳምንት ባንኩ «ሲስተም የለም» ብሎ የባለዕጣው ብር ዘገየ። በዚያው ማታ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ «የእቁብ ብር በልታ ጠፋች» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶዋ ተለጠፈ። ጠዋት ብሩ ገባ፤ ጽሑፉ ግን በስክሪንሾት ሌላ ግሩፕ ደርሶ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ተሻግሮ፣ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩባት። በመጨረሻ መስታወቷንና ወንበሮቿን ሸጣ ሰፈሩን ለቀቀች። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 በቃልም ሆነ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ በሕይወት ያለን ሰው አስጠልቶ፣ አስንቆ ወይም መሳቂያ አድርጎ መልካም ስሙን አደጋ ላይ የጣለን ጥፋተኛ ይለዋል። እንግሊዞች የተነገረውን ስላንደር፣ የተጻፈውን ላይብል ብለው ይለያሉ። እኛ ጋ ይህ ልዩነት የለም፤ ስለዚህ «ቮይስ ነው የላክሁት» አያዋጣም። የሰው ወሬ መድገምም መናገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 ደግሞ ብዙዎቻችሁን ያስደነግጣል፦ ሰውን ለመጉዳት ታስቦ ለሌላ ከተነገረ፣ ነገሩ እውነት ቢሆን እንኳ ያስጠይቃል። ውሸት መሆኑን እያወቃችሁ ካወራችሁትማ ቅጣቱ ይብሳል።

እውነተኛ በደል ሲደርስባችሁ ግን ዋጥ አድርጋችሁ አትቀመጡ። የተጭበረበረ ሰው ደረሰኙንና የተጻጻፈውን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ፣ የእቁብ ጉዳይ ከሆነም መጀመሪያ ለእቁቡ ዳኛ ይንገር።

ለጥፋችሁ ከሆነስ? በአንቀጽ 613 የሚያስከስሰው ተበዳዩ ሲያመለክት ነው፤ ስለዚህ ክስ ሳይጀመር መታረቅ ይቻላል። ዝም ብሎ ማጥፋት አይበቃም፣ ያነበበው አንብቦታል። ስህተት እንደነበር እዚያው ግሩፕ ላይ፣ በራሳችሁ ስም ጻፉ። ከዚያ ሽማግሌ ይዛችሁ ተበዳዩ ቤት ድረስ ሂዱ፤ ገበያው ተጎድቶ ካሳ ከጠየቀም አትከራከሩት።