ሆዱን ያመመው ሰው ሆዱ ይታይ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ድሬዳዋ ውስጥ የጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ልጅ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ መጣ። ባልደረባዬ «ይሄ እብድ ነው፣ ይቆይ» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ዝም አልኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ተረኛ ሆኜ እንዲሁ ዝም ብዬ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሆዱን ዳስሺ፤ ሙቀቱንና የደም ግፊቱን ለኪ። ሁሉም ነገር «ከጭንቅላቱ ነው» ሲባል ትርፍ አንጀትም ይታለፋል። ባልደረባሽን ሰው ፊት አታሳፍሪያት። ሻይ ሰዓት ላይ ለብቻዋ «በስሙ እንጥራው» በያት።

ስልጠናም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ኤም ኤች ጋፕ (mhGAP) የተባለ የአእምሮ ጤና ፕሮግራም የአእምሮ ሐኪም ለሌለበት እንደ እናንተ ላለ ቦታ የታሰበ ነው። ግን ስልጠና ብቻውን ልብ አይለውጥም። ተሽሎት ሥራ የጀመረ ታካሚ፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ መጥቶ ያውራችሁ። እኛ ነርሶች የምናያቸው ሲብስባቸው ብቻ ነው። በከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቡናቸውን ሲጠጡ አናያቸውም።

ልጁ ለመድኃኒቱ ሲመለስ ቀድመሽ አንቺ ሰላም በይው።