መልስ፦ ጀሪካን ለምን ጀሪካን ተባለ?

አቦ፣ «ጀሪካን የማን ቃል ነው? የብረቱም የፕላስቲኩም እንዲህ ይባላል?» ላልከው፣ አዎ፣ ሁለቱም ጀሪካን ነው።

ስሙን ያወጡት የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖችን «ጄሪ» ይሏቸው ነበር። «ካን» ደግሞ ቆርቆሮ ማለት ነው። የጀርመን ጦር 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ነዳጅ መያዣ ነበረው። እንግሊዞቹ ማርከው ወደዱት፣ አስመስለውም ሠሩት። ሥራው ግሩም ነው! ከላይ ሦስት እጀታ አለው። ሙሉውን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ይሸከመዋል፤ ባዶውን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ያንጠለጥላል።

እኛ ሐረር ግን ጀሪካን ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ውሃ ነው። በተለይ ለከተማችን ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ በነበረበት ጊዜ ቢጫው የዘይት ጀሪካን ያልተደረደረበት ግቢ ማግኘት ከባድ ነበር። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት የአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች አህያ ተጭናው ስትመጣ ግድግዳ ተጠግተህ ታሳልፋለህ። ቃሉ መስፈሪያም ሆኗል፦ «ስንት ጀሪካን ቀረ?»፣ «እስቲ አንድ ጀሪካን አበድሪኝ»። «ባለ 20» ብትልም ይገባናል።

ስትገዛ ግን አደራ፣ የምግብ ዘይት የነበረበትን ምረጥ። ኬሚካል የያዘ ከሆነ ምንም ብታጥበው ለመጠጥ ውሃ አይሆንም።