መልስ፦ ለጥቃት ተጎጂዎች ማረፊያ የመንግሥት ድጎማ ስንጠይቅ በጀቱን እንዴት እንሥራ?

እህቴ፣ «የማኅበራዊ ሠራተኛዋ ደመወዝ የአስተዳደር ወጪ ነው ወይ?» ላልሽው፣ አይደለም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። እዚያ የሚገባው የቢሮ ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የኦዲት ክፍያ፣ ኢንተርኔትና የመሳሰለው ነው። ተጎጂዋን የምታማክረው ባለሙያ፣ የማረፊያው ምግብና ፍራሽ ግን የፕሮጀክት ወጪ ናቸው። ገቢያችሁ 500,000 ብር ከሆነ ጣሪያው 100,000 ነው። ሁሉን «ደመወዝ» በሚል አንድ መስመር ካጨቃችሁት ጣሪያውን ያለፋችሁ ይመስላል፤ ለየብቻ ጻፉት።

ብዙ ማኅበር የሚወድቀው ግን ትራንስፖርት ላይ ነው። ከዘጌ በጀልባ መጥታ በባጃጅ ሆስፒታል የምትደርስ ልጅ ደረሰኝ ከየት ታመጣለች? ኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ደግሞ ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ፊርማ እስኪሟላ አይጠበቅም። ስለዚህ አነስተኛ የእጅ ገንዘብ፣ ከነጣሪያውና ከነኃላፊው፣ በድጎማው ውል ላይ አስፈቅዱ። ደረሰኝ ለሌለው ጉዞ መነሻ፣ መድረሻ፣ ቀንና መጠን ያለበት የክፍያ ቅጽ ይሞላ።

ስም? በቅጹ ላይ የመለያ ቁጥር ብቻ። ስሙን ከቁጥሩ የሚያገናኘው መዝገብ ተቆልፎ አንድ ሰው እጅ ይቀመጥ። ለኦዲተሩም ይህን አሠራር አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁት፤ መጨረሻ ላይ ሲሰማ ወጪውን ውድቅ ያደርገዋል።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋልና ትልልቅ ግዢ ለሰኔ አታቆዩ።