ክሩዋሳን ዋፍሉ ውጪው አርሮ ውስጡ ሊጥ ለሚሆንባችሁ

ሰላም እህቴ፣ «ክሩዋሳን ዋፍል ስሠራ ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ ነው፤ ክሬሙም ይቀልጥብኛል» ላልሽው፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ስንቱን ጥያለሁ መሰለሽ!

ክሩዋሳን ዋፍል ማለት በቅቤ የተነባበረው የክሩዋሳን ሊጥ በዋፍል መጋገሪያ ማሽን ሲጋገር ነውና ዋናው ነገር ሊጡ ነው። ከፍሪዘር እንደወጣ ማሽኑ ውስጥ ከከተትሽው መሃሉ አይበስልም። በረዶው ለቆት፣ ኩፍ ብሎ፣ በጣት ነካ ስታደርጊው ቀስ ብሎ የሚመለስ እስኪሆን ጠብቂ። ቶሎ ይድረስልኝ ብለሽ ግን በጣም ሞቃት ቦታ አታስቀምጪው። በንብርብሩ መሃል ያለው ቅቤ ቀልጦ ከወጣ ያ ኩርሽም ኩርሽም የሚለው ነገሩ አለቀለት።

ከዚያ ሁለቱንም ጎን ስኳር ላይ ጫን ጫን አድርጊው። ስኳሩ ብረቱ ላይ ቀልጦ እንደ ከረሜላ ይሸፍነዋል። (ማሽኑን ማጽዳት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ግን ያዋጣል።) መካከለኛ ሙቀት፣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ። ክዳኑን በኃይል አትጫኚው፣ ንብርብሩ ይጨፈለቃል። ሲወጣ ለስላሳ ቢመስልሽ አትደንግጪ፤ ስኳሩ የሚጠነክረው ሲበርድ ነው። ሳህን ላይ ሳይሆን ሽቦ ላይ አሳርፊው፣ አለዚያ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል።

ክሬሙ ቢያንስ 30 በመቶ ስብ ያለው ይሁን። ከነመምቻ ሳህኑ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዢና ምቺው። ዋፍሉ ሳይበርድ እንዳታደርጊበት! እንጆሪ ከሆነ አጥበሽ በደንብ አድርቂው፣ ስኳርም አትነስንሺበት፤ ውሃውን ያወጣና ሁሉን ያረጥበዋል። ሙዝ ብዙም አያስቸግርም፣ ብቻ እንዳይጠቁር ልትበዪ ስትይ ክተፊው።