አዲስ ዴስክቶፕ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ጥያቄና መልስ ከጋሽ ፊውዝ ጋር

አስተባባሪ፦ ጋሽ ፊውዝን አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ ይጠግናሉ። ዛሬ ማታ ብራንድ ኒው ዴስክቶፕ ስለመግዛት የምትጠይቁትን ይመልሳሉ። ዋጋ ግን አትጠይቁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ «የነገርኳችሁ ዋጋ ሱቁ እስክትደርሱ ይቀየራል» ብለዋል። ጀምሩ።

ማሂ፦ ሰላም ነዎት ጋሽ ፊውዝ? ጥሩ ዴስክቶፕ ልገዛ ነበር። የትኛውን ይመክሩኛል?

ጋሽ ፊውዝ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥሩ ለምን? ለጽሕፈት? ለጌም? ለቪዲዮ? ሥራሽን፣ የሰፈርሽን የመብራት ሁኔታና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪ የሚያሠራው ሣጥን) ይኑርሽ አይኑርሽ ጽፈሽ ተመለሺ።

ሂሳብ ሹም፦ ጋሽ ፊውዝ፣ ትንሽ የሂሳብ ቢሮ አለን። ፒችትሪ፣ ኤክሴል፣ ፓወር ግዕዝ፣ በቃ። አራት ኮምፒውተር እንፈልጋለን። አለቃችን «አዲስ ኮር አይ7 ካልሆነ» ብለዋል። ሻጩም የሚለው እሱኑ ነው። ምን ልበላቸው?

ጋሽ ፊውዝ፦ ሻጩማ ይበል እንጂ፣ እንጀራው ነው። ለናንተ ሥራ 8ኛ ጀነሬሽን (የፕሮሰሰሩ ትውልድ) አይ5፣ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ስላይትሊ ዩዝድ ይበቃል። ለምን 8ኛ አልኩ? ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከሞላ ጎደል ከዚያ ይጀምራሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን በርካሽ ሲያቀርቡላችሁ ለምን እንደረከሰ እወቁ።

አዲስ የሚያስገዛችሁ ሁለት ምክንያት ነው። ወይ አለቃችሁ ደረሰኝና ዋስትና ይፈልጋሉ፤ ወይ አራቱም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ይፈልጋሉ። ያኔም አይ3-12100፣ ማለት 12ኛ ጀነሬሽኑ፣ ይበቃችኋል። ይሄ እ.ኤ.አ. የ2022 አይ3 የ2017ቱን አይ7-7700 ያስከነዳዋል። አይ7-4770 ደግሞ 4ኛ ጀነሬሽን፣ የ2013 ዕቃ ነው፤ ስቲከሩ ግን ያው «አይ7» ይላል። የጀነሬሽን ቁጥር የሌለው ወሬ ወሬ ነው።

የሞዴል ስምንም አትመኑ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚባል እ.ኤ.አ. በ2012 አወጣ፣ ባለ 3ኛ ጀነሬሽን። በ2023 ያንኑ ስም ለ13ኛ ጀነሬሽን ሰጠው። «7010 አለኝ» የሚል ሰው የትኛውን እንደያዘ ጠይቁት። ደግሞ ፒችትሪያችሁ የቆየው የ2010 ቅጂ ከሆነ አራቱን ከመግዛታችሁ በፊት አንዱ ላይ ጭናችሁ ሞክሩት።

ከሁሉም በፊት ግን ጀርባውን ሳታዩ ብር አትክፈሉ። የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ ፎቶ አንሱ።

ናቲ አርክ፦ እኔ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ሬቪትና ሉሚዮን በሚባሉት የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራሞች እሠራለሁ። አንድ ሱቅ ብራንድ ኒው የቢሮ ታወር አሳይቶኛል፣ 12ኛ ጀነሬሽን አይ5። አሁን እሱን ልግዛና ግራፊክስ ካርዱን ቀስ ብዬ ልጨምር ብዬ ነው።

ጋሽ ፊውዝ፦ አትግዛው። ስሙኝማ፣ ይህንን በየሳምንቱ ነው የማየው።

የቢሮ ታወር ፓወር ሰፕላይ ለቢሮ የተለካ ነው። 180 ወይም 260 ዋት የሚል ብዙ ታያለህ። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆነው ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ብዙዎቹ ላይ የለም። ያለ ገመድ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ማግኘት የሚችለው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ለዚያ የሚሆን ካርድ አለ፤ ለምሳሌ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው 70 ዋት ነው የሚበላው። እሱ ከበቃህ ግባበት። ለሉሚዮን ግን ትንሽ ቆይተህ አርቲኤክስ 3060 ያምርሃል። እሱ 170 ዋት ነው።

«ፓወር ሰፕላዩን እቀይራለሁ» ትላለህ። አትቀይርም። ኤችፒም ዴልም ሌኖቮም ብዙ የቢሮ ሞዴሎቻቸው ላይ መደበኛውን ባለ 24 ፒን ማገናኛ ትተውታል። የራሳቸው ሶኬት፣ የራሳቸው ቅርጽ ነው። መርካቶ ዞረህ የምታገኘው ኤቲኤክስ፣ ማለት መደበኛው ፓወር ሰፕላይ፣ አይገጥምም። ሲቃጠልም ያው ነው፤ የዚያኑ ሞዴል ፍለጋ ትንከራተታለህ፣ ወይ እኔ ጋ ይመጣል። እኔ አልጠላም።

ስለዚህ ያንተ ምርጫ መደበኛ ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ያለው ታወር ነው። ጌሚንግ ተብሎ የሚሸጥ ይሁን ሱቅ የገጣጠመው፣ ግድ የለኝም። እዚያም ግን ሌላ ጉድ አለ። ጽሑፉ በትልቁ «500 ዋት» ይላል። አትመነው። 12 ቮልት የሚለውን መስመር ፈልግና አጠገቡ ያለውን አምፔር በ12 አባዛ። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም ካርዱም በዋናነት የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው። የእውነት 500 ዋት ከሆነ እዚያ ጋ ወደ 40 አምፔር ይጽፋል። በእጅህም መዝነው። ባዶ ጣሳ ከመሰለህ ተወው። እንዲህ ያሉትን ስከፍታቸው የመግቢያ ፊልተሩ ቦታ ባዶ ነው፤ በሽቦ ዘለውታል።

የአራዳ ልጅ፦ ናቲ ራይዘን ግዛ አቦ፣ ተገላገል። ኢንቴል 13ኛና 14ኛው እየተቃጠለ ነው።

ቦሌ ቴክ፦ ወሬኛ። ራይዘን ቢበላሽብህ እዚህ ማን ይጠግንልሃል? ማዘርቦርዱንስ ከየት ታመጣለህ?

የአራዳ ልጅ፦ ከመርካቶ። አንተ ቦሌ ሆነህ መስታወት ቤቱን እያየህ እጥፍ ትከፍላለህ።

ቦሌ ቴክ፦ መርካቶ ደረሰኝ ስትል ይስቁብሃል።

የአራዳ ልጅ፦ አንተን አይተው ነዋ!

አስተባባሪ፦ ወንድሞች፣ ወደ ጉዳያችን።

ጋሽ ፊውዝ፦ ሁለታችሁም ዝም በሉ። የ13ኛና 14ኛው ችግር እውነት ነው። ዋታቸው ከፍ ያሉት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቁና ቀስ በቀስ ይጎዱ ነበር። ኢንቴል በ2024 ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም ሁለት ዓመት ጨመረ። ማስተካከያው የሚገባው ግን ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስነሻ ሶፍትዌር) ሲታደስ ነው። ስትገዙ ባዮሱን አሳድሱ። 12ኛው ችግሩ የለበትም። አለቀ።

ከዳላስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለወንድሜ ከዚህ ዴስክቶፕ ልልክለት ነው። ያለ ችግር ይሠራል? ቀረጡስ?

ጋሽ ፊውዝ፦ ቀረጡን ጉምሩክ ጠይቂ፣ እኔ አላውቅልሽም። ስለ መብራቱ ልንገርሽ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። ጀርባው ላይ «100-240» የሚል ጽሑፍ ካለ ራሱ ያስተካክላል፤ ሶኬቱን ብቻ ትቀይሪያለሽ። 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ካለው ግን 115 ላይ ሆኖ እዚህ እንዳይሰካ። ቡም ነው። ከመላክሽ በፊት ወደ 230 ገፍተሽ በፕላስተር ለጥፊበት። ማብሪያም የለው፣ ጽሑፉም 115 ብቻ የሚል ከሆነ ተይው። ለዚህ ነው ጀርባውን እዩ የምለው።

ኪያ፦ ኤችፒ ነው ዴል የሚሻለው?

ጋሽ ፊውዝ፦ ለምን ሥራ? የትኛው ሞዴል? ከላይ አንብብ።

ሀዋሳ ነኝ፦ እኛ ጋ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ስታቢላይዘር አለኝ። አዲስ ኮምፒውተር ብገዛ ይበቃዋል?

ጋሽ ፊውዝ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ ተባረክ። ስታቢላይዘር ቮልቴጁ ሲወርድ ሲወጣ ያስተካክላል። መብራት ሲሄድ ግን አያድንህም። ዩፒኤስ የሚሰጥህ ሥራህን ሴቭ አድርገህ የምታጠፋበትን ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ አትጠብቅ። አንዲት 12 ቮልት 7 አምፔር አወር ባትሪ ስትባዛ 84 ዋት አወር ናት፤ በብክነቱ ከዚያም ታንሳለች። 150 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ባትሪው አዲስ ሳለ ሩብ ሰዓት ቢያቆይህ ነው። ባትሪው ሲያረጅ ወደ ሁለት ደቂቃ ይወርዳል፤ ቀይረው።

650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም። ብዙዎቹ ከ360 እስከ 390 ዋት ናቸው፤ ጽሑፉን አንብብ። ደግሞ ርካሹ ዩፒኤስ ከባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ነው። አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ይህንን አይወድም፤ መብራት በሄደበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ እያለለት ድርግም ይላል። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ጋር ሰክታችሁ፣ ሥራ ላይ እያለ የግድግዳውን ነቅላችሁ ሞክሩት። እዚያው ሱቁ ውስጥ።

ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ የመብራቱ መሄድ አይደለም፤ አመጣጡ ነው። ሲሄድ ንቀል። ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታገስና አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለቱን ሲተው ሰካ።

ማሂ፦ ተመልሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ልከፍት ነው። ወርድ፣ ፎቶሾፕ ለጉርድ ፎቶ፣ ፕሪንት። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል። ዩፒኤስ የለኝም። ገንዘቤ አንድ ብራንድ ኒው ብቻ ይገዛል።

ጋሽ ፊውዝ፦ አሁን ገና ጠየቅሽ። ብራንድ ኒው አትግዢ። ባለ 8ኛ ጀነሬሽን ዩዝድ ግዢ፣ ራሙ 16 ይሁን፣ ለፎቶሾፑ። በተረፈው ብር ደህና ዩፒኤስ ግዢ። ሌዘር ፕሪንተሩን ግን ዩፒኤሱ ላይ እንዳትሰኪ። ወረቀቱን ለመተኮስ ሲሞቅ በአንዴ ብዙ ይስባል፤ ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ማሂ፦ አዲሱ እኮ ዋስትና አለው።

ጋሽ ፊውዝ፦ የመብራት ቃጠሎን ይሸፍናል ወይ ብለሽ ጠይቂና ፊቱን እዪው።

ሊዲያ፦ ማክ ሚኒስ?

ጋሽ ፊውዝ፦ ለቪዲዮ ጥሩ ነው። የ2024ቱ ኤም4 ከ16 ጊጋ ራም ይጀምራል። በኋላ ራም አይጨመርበትም። ሲበላሽ እኔ ጋ አታምጪው።

ጌታ፦ ራም ለምን እንዲህ ተወደደ? ባለ 8 ገዝቼ በኋላ ልጨምር አስቤ ነበር።

ጋሽ ፊውዝ፦ የአርተፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ማምረቻውን ተሻሙት። ማይክሮን በታኅሣሥ ወር 2025 እ.ኤ.አ. ክሩሻል የሚለውን የሸማች ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። አዲስ ተገጣጥሞ የመጣ ኮምፒውተር ዛሬ የሚያዋጣበት አንዱ ቦታ ይሄ ነው፤ 16 ጊጋው ውስጡ ካለ። ለብቻ ከመግዛት ከነራሙ ውሰደው። ሁለት ባለ 8 ቢሆን ከአንድ ባለ 16 ይሻላል፤ በተለይ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ከሌለው ፍጥነቱ ላይ ይታይሃል።

ኪያ፦ ስለዚህ ኤችፒ ነው ዴል?

ጋሽ ፊውዝ፦ ኪያ!

ቤዛ፦ እኔ አዲስ ከገዛሁ ወር ሆነኝ። ኬዙን በባዶ እግሬ ስነካው ይነዝረኛል። ሻጩ «ኖርማል ነው» አለኝ።

ጋሽ ፊውዝ፦ ኖርማል አይደለም፣ ግን የኮምፒውተሩም ጥፋት ላይሆን ይችላል። ደህና ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉት። አንዱ ከፌዙ ወደ ኬዙ፣ ሌላው ከኒውትራሉ ወደ ኬዙ። ረብሻውን በኧርዝ በኩል እንዲያስወግዱ ነው የተቀመጡት። ቤትሽ ኧርዝ ከሌለው ኬዙ የ220ውን ግማሽ፣ 110 ቮልት አካባቢ ይዞ ይቀመጣል። ከረንቱ ጥቂት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። ግን ኤችዲኤምአይ በዚያ ሁኔታ ስትሰኪ ስክሪኑንም ካርዱንም ልታቃጥይ ትችያለሽ። የሚገርመው ፊልተሩ የተዘለለው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይነዝር ይችላል። አለመንዘሩ የደህንነት ምልክት አይደለም። የምትሰኪበት ዲቫይደር ባለ ስንት ጥርስ ነው?

ቤዛ፦ ሁለት። ሦስተኛውን ጥርስ ወንድሜ ቆረጠው፣ አልገባ ብሎ።

ጋሽ ፊውዝ፦ በሉ እንግዲህ። ገመዱን በባለ ሦስት ቀይሪ፣ ዲቫይደሩንም። ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ ግድግዳው ላይ ኧርዝ መኖሩን አስለኪ። ኧርዝ እያለ ከነዘረሽ ያኔ ሌላ ብልሽት ነው፣ ነቅለሽ አምጪው።

ዮኒ፦ የመጨረሻ። ብራንድ ኒው ሲሉኝ አዲስ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሱቁ ካርቶኑን አያስከፍትም።

ጋሽ ፊውዝ፦ ሲሪያል ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ አንብበህ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገባው። ዋስትናው መቼ እንደጀመረ ያሳይሃል። ሲከፈት የኬዙ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ ይሁን። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ፤ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግርሃል። አዲስ የተባለ ዕቃ ሺህ ሰዓት ካሳየ አዲስ አይደለም። «ዶስ» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ የተከፈለበት ዊንዶውስ የለውም፤ ሱቁ የሚጭንልህ ክራክ ነው።

ዮኒ፦ ካርቶኑን አንከፍትም ካሉስ?

ጋሽ ፊውዝ፦ ሌላ ሱቅ ሂድ።