«ክፍት ድንበር» ወይስ «ይለፍ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር «ሲቪላይዜሽን 6» እና «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» የሚባሉትን የስትራቴጂ ጌሞች እንጫወታለን። አጨዋወቱንም በአማርኛ ቪዲዮ አስረዳለሁ። «ኦፕን ቦርደርስ»ን «ክፍት ድንበር» ስለው ጓደኛዬ «ክፍት ወሰን ነው የሚባለው» ብሎ ይሞግተኛል። «ትሩስ»ንስ «ተኩስ አቁም» ብለው ያስኬዳል? የጌሙ ሕግስ ከእውነተኛው ዲፕሎማሲ ጋር ይገጥማል?

መልስ፦ እንኳን ጠየቅህ። ስለ ጌም በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ለቃሉ ሲጨነቅ ደስ ይለኛል።

ሁለታችሁም ሰዋስው አላፈረሳችሁም። ችግሩ ሰሚው ዘንድ ነው። «ድንበሩ ክፍት ነው» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሚታየው ጠባቂ የሌለው፣ ኮንትሮባንድ እንደልቡ የሚያልፍበት ቦታ ነው። አውሮፓ ያለ ዘመድ ያለው ደግሞ ሸንገንን፣ ማለትም ድንበር ላይ ሳይፈተሹ ከአገር አገር የሚያልፉበትን የአውሮፓ ቀጠና፣ ያስባል። ጌሙ የሚለው ሌላ ነው። በሲቪላይዜሽን 6 ሁለት መንግሥታት ለ30 ዙር ይዋዋላሉ፤ ያን ጊዜ ያንተ ጦር፣ ቃኚና ሰፋሪ በጎረቤትህ ግዛት ያልፋል። ላልተዋዋለው ድንበሩ እንደተዘጋ ነው። ለታወቀ ወገን፣ ለታወቀ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ ነው ማለት ነው።

ለዚህ አማርኛ ድሮም ቃል አለው፦ ይለፍ። ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀት የተጠየቀ ትውልድ ያውቀዋል። ስልኩን በይለፍ ቃል የሚከፍተውም ያውቀዋል። ስለዚህ «ከፋርስ ጋር የይለፍ ስምምነት አድርጌያለሁ» በል። በዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ ፈቃዱ ለሠራዊት ብቻ ስለሆነ «የጦር ይለፍ» ብትለው ማንም አይስተውም።

ወደ እውነታው ስንመጣ የጦር ይለፍ ከባድ ነገር ነው። በእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1914 ጀርመን ቤልጅየምን «ጦሬን አሳልፊ» ብላ በ12 ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንድትመልስ ቀነ ገደብ ሰጠቻት። ቤልጅየም እምቢ አለች። ነሐሴ 4 ቀን የጀርመን ጦር ድንበሩን ጥሶ ገባ፤ በዚያው ቀን ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። ልዩነቱን ልብ በል። ጌሙ ይለፍ ከሌለህ እግርህን አያስነሳህም። በምድር ላይ ግን መስመሩ ወታደር አያቆምም፤ የተሻገረው ሰው ዋጋውን ይከፍላል እንጂ።

የ1907ቱ የሄግ ስምምነት ደግሞ ገለልተኛ አገር የተዋጊ ወገን ጦር በግዛቷ እንዲያልፍ እንዳትፈቅድ ይከለክላል። ገብቶ ከተገኘም ትጥቁን አስፈትታ ታቆየዋለች። በእ.ኤ.አ. ሰኔ 1940 ከ40,000 በላይ የፈረንሳይና የፖላንድ ወታደሮች ስዊዘርላንድ ሲገቡ የገጠማቸው ይኸው ነው። ሲቪላይዜሽን ላይ ግን ይለፉ ሲያልቅ ሠራዊትህ ከነመሣሪያው ከድንበሩ ውጪ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። እንዴት ወጣ አይባልም። ትጥቅ የማስፈታቱ ሕግ ቢኖርበት ጌሙ ምን ያህል በጣፈጠ!

ያም ሆኖ ሕጉ ሁልጊዜ አልተከበረም። ገለልተኛ ነኝ ትል የነበረችው ስዊድን በእ.ኤ.አ. ሰኔ 1941 አንድ የጀርመን ክፍለ ጦር ከኖርዌይ ወደ ፊንላንድ በባቡሯ እንዲያልፍ ፈቅዳለች። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስን የሠራው ፓራዶክስ የስዊድን ኩባንያ መሆኑን ሳስብ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ወደ ጓደኛህ ሙግት ልመለስ። ወሰንና ድንበር ሁለቱም መስመሩን ይጠራሉ። «ወሰን» «ወሰነ» ከሚለው ግስ ስለመጣ የሕግ ሽታ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 2 «የኢትዮጵያ የግዛት ወሰን» ይላል፤ ለክልሎችም የሚሠራበት ይኸው ቃል ነው። «ድንበር» የሰው አፍ ላይ የዋለ ነው። ገበሬው ጎረቤቱን «ድንበሬን ገፋ» ብሎ ይከሳል፤ «ድንበርተኛ»ም ይለዋል። ለቪዲዮህ ድንበር ይበጃል። መስመሩን ሳይሆን በመስመሩ አካባቢ ያለውን ምድር ስትጠራ ግን «ጠረፍ» በል፤ ሞያሌ የጠረፍ ከተማ ናት።

አንድ ነገር ጌሙ ጨርሶ የለውም፦ ማካለል። ሲቪላይዜሽን ላይ ባህልህ ሲጎለብት ድንበርህ ያለማንም ፈቃድ ይሰፋል። በእውነቱ ዓለም መስመሩ መጀመሪያ በወረቀት ይወሰናል፤ ቀጥሎ መሬት ላይ ወርደው ምልክት ይተክሉለታል። በሁለቱ መካከል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 2002 እ.ኤ.አ. ሄግ ላይ ውሳኔውን ሰጠ፤ ሥራውን ሲያበቃ ግን መስመሩን በካርታ ነጥቦች ብቻ አስቀምጦ ነበር፤ መሬት ላይ ማካለሉ አልተፈጸመም።

«ተኩስ አቁም»ን ተወው። ተኩስ ሲቆም ጦርነቱ አላለቀም። የቃኘው ሻለቆች የዘመቱባት ኮሪያ ሐምሌ 27 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ተኩስ አቆመች፤ የሰላም ውል ግን እስከዛሬ አልተፈረመም። የዩሮፓ ዩኒቨርሳሊሱ «ትሩስ» ተቃራኒው ነው። ሰላሙ ከተፈረመ በኋላ ከ5 እስከ 15 ዓመት መልሶ እንዳትወጋ የሚያስርህ ጊዜ ነው። «ያለመዋጋት ጊዜ» በለው። «እርቅ» እንዳትለው ደግሞ አደራ። እርቅ ሽማግሌ አለው፣ ካሣ አለው፣ ቂም ይሽርበታል፤ ያ ኮምፒውተር ግን ቂሙን ይዞ ቀን ይቆጥራል።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር። «ካዙስ ቤሊ»ን ሁልጊዜ «የጦርነት ሰበብ» አትበለው። ሰበብ ስትል ፈርደሃል። ወዳጅህ ተወርሮ ከሆነ የዘመትከው «ምክንያት» ነው። ሰላይ ልከህ በሰው አገር ላይ የይገባኛል ጥያቄ ካስፈበረክህ ግን ያው ጠብ ያለሽ በዳቦ ነውና፣ «ሰበብ» በለው።